ከደቡቡ ግድግዳ የወደቀ ጭቃ

«ጭቃ ቤት ለማየት ሰው አውሮፕላን ይሳፈራል?» አለ ዓብዩ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጋሽ ልሳነወርቅ፣ እኛ እኮ አውሮፕላን የተሳፈርነው ከጭቃ ቤት ለመውጣት ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ዓብዩ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ቤት የሚያሻሽጥ ሪልተር ነው። ፎቶው በየአውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር መደገፊያ ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ያሳያል። እኔ ደግሞ አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አውቶቡስ የምነዳ ሰው ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ እዚያ ጥርስ ፊት እንደምቆም እናንተው አስቡት።

«አንተ የምትሸጠውን ቤት በቡጢ ቢመቱት እጅ ጎረቤት ሳሎን ይገባል» አልኩት። «ካርቶን ነው! እኔ የማሳያችሁ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ሁለት ክንድ ይወፍራል፤ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ቆሟል። በጭቃ! ጭቃን የሚንቅ ሰው ድህነትን እንጂ ጭቃን አያውቅም።»

«እሺ መምህር» አለ ዓብዩ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ። «ብሩክታይት መዝግባኛለች። መጥቼ አያለሁ።»

ብሩክታይት ሚስቱ ናት። ከእሱ የተሻለች ሰው ናት፤ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጉብኝቱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ኒው ሜክሲኮ በተባለው ግዛት በረሃ ውስጥ፣ ከጭቃና ከጭድ በተሠራ፣ በፀሐይ በደረቀ ጡብ የታነጹ የጥንት ከተሞች አሉ። ስለ እነሱ ለዓመታት አንብቤአለሁ። ሳን ቤሊኖ የምትባለው ትንሽ መንደር ያለችውን ቤተ ክርስቲያን የምትጠብቀውን ሴትዮ፣ ዶሎሬስን፣ በደብዳቤ ለምኜ ለአንድ ሰዓት ከፍታ ውስጡን እንድታሳየን አስማምቻታለሁ። ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ። መጀመሪያ የተመዘገቡት እትዬ የዓለምዘርፍ ነበሩ።

እትዬ የዓለምዘርፍ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከእኔ ሁለት መንገድ ራቅ ብለው ይኖራሉ። ቀኝ ጉልበታቸው ካለቀ ቆይቷል። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ለሰርጀሪ ቀጥሯቸው፣ አንዴ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ከመጠበቂያው ክፍል ተነሥተው ወጡ፤ ሁለተኛው ቀን ደግሞ ስልካቸውን ዘግተው ዋሉ። ፈሪ አይደሉም፤ ባላቸውን ቀብረው ሦስት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ማደንዘዣውን ግን ይፈሩታል። ጉብኝቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጉልበታቸው አልታጠፍ አለና ቀሩ። ኮል አደረጉኝ።

«ልሳኑ፣ እኔ ቀርቻለሁ። አብራችሁ የምትሄደው ወለተሥላሴ ከቤተ ክርስቲያኑ እምነት ታመጣልኛለች፤ አፈሩን ጉልበቴን እቀባዋለሁ። እምነቱ ከመጣ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው ማክሰኞ ሰርጀሪ እገባለሁ። ካልመጣ አልገባም። ለዶክተሩም በልጄ በኩል አስነግሬዋለሁ።»

«እትዬ፣ ይህ ጉብኝት ነው» አልኳቸው። «መንፈሳዊ ጉዞ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑም የካቶሊክ ነው።»

«የማንም ይሁን። ሦስት መቶ ዓመት ተጸልዮበታል ያልከኝ አንተው ነህ።»

ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት። ስህተቴ ይህ ነበር፤ የተናገሩትን እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። ለሁሉም ግን በጽሑፍ «ጎብኚዎች ነን፤ ተሳላሚዎች አይደለንም» ብዬ ቴክስት ላክሁ።

የላክሁትን ማን አነበበው? የጉዞው ዕለት ጠዋት መገናኛችን ወደሆነው ወደ ላንድማርክ መኪና ማቆሚያ ስደርስ፣ ሴቶቹ በሙሉ ነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። እማማ ወለተሥላሴ ባዶ ጀሪካን ይዘዋል።

«ይህ ምንድን ነው እማማ?»

«ለጸበል ነዋ ልጄ።»

«በረሃ ነው እኮ የምንሄደው!»

«ታዲያ ጸበል የሚፈልቀው የት ነው?» አሉኝ፣ ታሪክ አስተምሬአለሁ የምለውን ሰው በዓይናቸው ከላይ እስከ ታች እያዩ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጀሪካኑን የኤርፖርቱ ፈታሽ አገላብጦ አይቶ አሳለፋቸው። ዓብዩ ደስታው ወሰን አጣ።

የመጀመሪያውን ቀን በግዛቲቱ ዋና ከተማ በሳንታ ፌ አሳለፍን። ከተማዋ ታምራለች፤ ቤቱ ሁሉ የአፈር መልክ አለው፤ ማዕዘኑ በእጅ እንደታሸ ሊጥ ክብ ነው። እኔ ግን ከአንዱ ሆቴል ግድግዳ ላይ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ አየሁ፤ ከሥሩ የሽቦ ወንፊትና ሲሚንቶ። ደሜ ፈላ። ጭቃ መስሎ የተቀባ ሲሚንቶ! እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ ስለ ማስመሰል ሩብ ሰዓት ተናገርኩ። ዓብዩ እስክጨርስ ጠብቆ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ እነሱም ሲሚንቶ ይሻላል ብለዋል» አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ግን የአንድ ቤት አሻሻጭ መስኮት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሲያነብ አፉ ተከፈተ። ሦስት መኝታ ያለው፣ እውነተኛ የጭቃ ጡብ ቤት።

«ጮክ ብለህ አንብብልን» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይለፈኝ።»

«ዋጋውን ብቻ!»

አላነበበም። ብሩክታይት አነበበችልን፤ ዓብዩ ከሚሸጣቸው ቤቶች ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያን ማታ በደንብ ተኛሁ።

በማግስቱ የሆቴሉን ቁርስ የቀመሰ ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ እህል አይቀመስም አሉ። እኔም ቫን እየነዳሁ በባዶ ሆድ ሁለት ሰዓት ወደ ሰሜን ወሰድኳቸው። መሬቱ ቀይ ነው፤ ዛፉ ቁመተ አጭር፤ ሰማዩ ሰፊ። ሳን ቤሊኖ ከአንድ ኮረብታ ሥር ብቅ አለች። ቤቶቿ ከተቀመጡበት መሬት ጋር አንድ ቀለም ስለሆኑ መንደር መሆኗን የምታውቁት በበርና በመስኮቷ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ መሀል ላይ ቆሟል። ግድግዳው ከታች ሰፍቶ ወደ ላይ ይጠባል፤ ጭዱ በፀሐይ ያብረቀርቃል። 

ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ደጁን ሳሙ። ዶሎሬስ በር ላይ ሆና ታያለች። ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ አጭር፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት። እንዲህ ያለ ጎብኚ እንዳላየች ፊቷ ይናገራል።

«እነዚህ ከየት ናቸው?» አለችኝ።

«ከዋሽንግተን» አልኳት።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ወለሉ አፈር፣ ጣራው የእንጨት ወጋግራ። የስቅለቱ ሥዕል ፊት እማማ ወለተሥላሴ ሰገዱ። አንዷ ሴት «የካቶሊክ አይደለም እንዴ?» ብላ ስትንሾካሾክ፣ «ስቅለቱን አየሁት፣ እመቤታችንን አየኋት፤ ሌላው የወንዶች ክርክር ነው» ብለው መለሱላት። እኔን እያዩ ነው ይህን ያሉት።

ሰዓታችን አልቆ ወደ ቫኑ ስንሄድ ዶሎሬስ ከኋላ ጠራችን። በደቡቡ ግድግዳ በኩል ቆማለች። ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እፍኝ የሚያህል ስፍራ ተፍቋል። አዲስ ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ጠቆር ይላል።

«ከእናንተ አንዱ ግድግዳውን ፍቆታል» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይህን ግድግዳ በየዓመቱ በእጃችን ነው የምንመርገው። ድሮ አርባ ቤተሰብ ነበርን፤ አሁን ስድስት ነን። የወሰዳችሁትን መልሱ። ካልመለሳችሁ ከእንግዲህ ቡድን አላስገባም።»

እኔ ስናደድ ምን እንደምሆን የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ጆሮዬ ይግላል፤ እንግሊዝኛዬም ይሻሻላል።

«እመቤቴ» አልኳት፣ «እነዚህ ሰዎች ይህን ደጅ ሳይሳለሙ እህል አንቀምስም ብለው በባዶ ሆዳቸው የመጡ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው መሬትሽን ስመዋል! ግድግዳ የሚፍቅ ቱሪስት ነው። ስሙን በድንጋይ ላይ የሚጭር ቱሪስት ነው። እኛ ቱሪስቶች አይደለንም!»

«ጋሼ» አለ ዓብዩ በአማርኛ፣ ስልኩን እያሳየኝ፣ «‹ጎብኚዎች ነን› ብለው የላኩልን ቴክስት እዚህ አለ።»

«አንተ ዝም በል!» ወደ ዶሎሬስ ዞርኩ። «ከመካከላችን ቅንጣት አፈር የወሰደ ሰው ከተገኘ፣ ይህን ግድግዳ እኔ ራሴ በገዛ እጄ እመርገዋለሁ። ቃሌ ነው!»

እማማ ወለተሥላሴ የብሩክታይትን ክንድ ያዙ። «ምንድን ነው የሚጨቃጨቁት?»

«ከግድግዳው አፈር ተወሰደ ነው የምትለው፣ እማማ።»

«እኔ ነኛ የወሰድኩ» አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ሐፍረት የሚባል ነገር ሳይኖር። «ለየዓለምዘርፍ። ቤተ ክርስቲያን እምነት ይከለክላል እንዴ?»

የእጅ ቦርሳቸውን ከፈቱ። አንድ የእርጎ ዕቃ አወጡ፤ ክዳኑ በጎማ ታስሯል። አፈሩ ውስጡ ነው፤ ከነጭዱ። የወሰዱበት ማንኪያም የሆቴሉ ነው።

 ዓብዩ ጀርባውን አዙሮ ቫኑን ተደገፈ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይስቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሽሽት አላሰብኩም። ሌላ ክርክር ማንሣት እችል ነበር፤ ሁለት እንዲያውም ወዲያው መጥተውልኝ ነበር። ግን ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ለዶሎሬስ ስለ እምነት አስረዳኋት፤ ሕመምተኛ እንዳለች፣ ማክሰኞ ቀጠሮ እንዳላት፣ አፈሩን ጉልበቷ ላይ እንደምትቀባው። ዶሎሬስ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ገባኝ» አለች። «ግን የግድግዳው አፈር ወደ ግድግዳው ይመለሳል። አንተም ያልከውን ብለሃል።»

ስነግራቸው እማማ ወለተሥላሴ የእርጎውን ዕቃ ለዶሎሬስ ሰጧት። አልተከራከሩም። «የዓለምዘርፍ ሰርጀሪ አትገባም እንግዲህ» አሉ ብቻ። «ሦስተኛው ቀረ። አራተኛ ቀጠሮ ማን ይሰጣታል?» ከንዴቴ ሁሉ በላይ ይህ ከበደኝ።

ዶሎሬስ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰደችን። በላስቲክ የተሸፈነ የጭቃ ክምር አለ፤ ቅዳሜ ለሚጀመረው ምርጊት ከጭድ ጋር ተቦክቶ የተቀመጠ። ሽታው የከረመ ሣር ይመስላል። ከእርጎው ዕቃ ያለውን አፈር በጭቃው ላይ ገልብጣ በእግሯ አሸችው። ከዚያ ባልዲ ሞልታ ሰጠችኝ።

ኮቴን አወለቅሁ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ስለ ጭቃ ቤት ያነበብኩትን ሁሉ ባስታውስ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል። በሁለት እጄ ዘገንኩና የተፋቀው ቦታ ላይ ለጠፍኩ፤ በመዳፌ ደልደል አድርጌ ወደ ኋላ አልኩ።

ጭቃው ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ከዚያ በቀስታ ተንሸራቶ መሬት ላይ ጧ አለ።

ማንም አልሳቀም። ይህም የባሰ ነበር። እንደገና ዘገንኩ፤ አሁን በኃይል ተጫንኩት። ወደቀ። ሸሚዜንም አጨማልቆ ወደቀ።

«ውሃ!» አለ ዓብዩ።

ዞርኩ። አይስቅም። ፊቱ ሌላ ሰው መስሏል።

«ደረቅ ግድግዳ ላይ ጭቃ ይይዛል እንዴ ጋሼ? ግድግዳው ይጠማል፤ ውሃውን ከጭቃው ይመጠዋል። መጀመሪያ አጠጡት!»

ሰዓቱን አውልቆ ለብሩክታይት ሰጣት። ከጭቃው ክምር አጠገብ የነበረ የውሃ ባልዲ አምጥቶ፣ በእጁ እየቀዳ የተፋቀውን ቦታ ረጨው፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ረጨው። ከዚያ ጭቃውን በእጁ ጠቅልሎ፣ ሳይጠጋ፣ ወርወር አደረገው። ጭቃው ግድግዳውን መትቶ ተጣበቀ። በመዳፉ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ሳበው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። የድሮውና የአዲሱ ወሰን ጠፋ። ዶሎሬስ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ለእኔ እንዲህ አላደረገችም።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«እናቴ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቤታችንን የምንመርገው እኔና እሷ ነበርን። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ጥፍሬ ውስጥ ጭቃ እያዩ ይስቁብኛል።»

«ታዲያ አዳራሹ ውስጥ ያን ሁሉ ስትናገር...»

«ለዚያ እኮ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሣ። «አንቱ ስለ ጭቃ ያነባሉ። እኔ አውቀዋለሁ።»

እኔ ያደግሁት አባቴ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ በሠራው የድንጋይ ቤት ነው። የጭቃውን ባልዲ አንሥቼ ያዝኩለት። 

በዚህ መሀል እማማ ወለተሥላሴ ጎንበስ ብለው መሬቱን ያያሉ። የወደቀው ጭቃ፣ የእኔው ጭቃ፣ ከእግሬ ሥር ሁለት ቦታ ተዘርፍጧል።

«ይቺስ?» አሉ። «ይቺን ምን ታደርጓታላችሁ?»

ዶሎሬስን ጠየቅኋት። «መሬት የነካ ጭቃ ወደ ግድግዳ አይመለስም» አለች። «ጠጠር ይይዛል። ከፈለጉት የእርሳቸው ነው።» የእርጎውንም ዕቃ መለሰችላቸው።

እማማ ግን ወዲያው አላነሡም። «ግድግዳውን ነክቷል?» ብለው ዓብዩን ጠየቁት። እኔን አይደለም፤ ዓብዩን።

«ነክቷል እማማ። በደንብ ነው የነካው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ነው የተጫኑት» አለ ዓብዩ፣ ጥርሱም ተመለሰ።

እማማ ዕቃቸውን ሞሉ፤ ክዳኑን በጎማ አሰሩ። ጀሪካኑንም ከመንደሩ ቧንቧ አስሞሉት፤ ስንመለስ ከሻንጣ ጋር ተጫነ። ስለ እሱ የተናገርኩት የለም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዕቃውንና ጀሪካኑን ይዤ እትዬ የዓለምዘርፍ ቤት ሄድኩ። እማማ ወለተሥላሴ አሌክሳንድሪያ ስለሆኑ አደራውን ለእኔ ሰጥተውኛል። ዓብዩ ገና ቫኑ ውስጥ ሳለን መክሮኝ ነበር፤ «ከደቡቡ ግድግዳ ነው ይበሏቸውና ይጨርሱ። ውሸትም አይደል።» እውነቱን ነው፣ ውሸት አይደለም። ግን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎችን የተጣላሁት ውሸት ባልሆነ ግማሽ ነገር ነው። ለራሴ ሲመች ልተወው?

እትዬ የዓለምዘርፍ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተዋል። የሆስፒታሉ ወረቀት አጠገባቸው አለ። ዕቃውን ተቀብለው ክዳኑን ከፈቱ፤ አሸተቱት። ጭቃው ደርቋል።

«ወለተሥላሴ ከግድግዳው በእጇ ያነሣችው ነው?»

«አይደለም እትዬ።»

ዓይናቸው ከዕቃው ወደ እኔ መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የእማማን ማንኪያ፣ የዶሎሬስን ቁጣ፣ የእኔን መሐላ፣ የሰጠነውን አፈር። ይህኛው ገና ሊመረግ ሲል የወደቀ መሆኑን።

«ማን ነው የጣለው?»

«እኔ።»

«አንተ?»

«እኔ ነኝ። ግድግዳውን ውሃ ማጠጣት እንዳለብኝ አላወቅሁም። ሁለት ጊዜ ለጠፍኩት፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ተሳስቼ ነበር። የመረገው ዓብዩ ነው።»

«ቤት ሻጩ?»

«ቤት ሻጩ።»

ዕቃውን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጡት። አለቀ፣ አልገባም ሊሉኝ ነው ብዬ ወረቀቱን አየሁ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ጉልበታቸውን አሳምሞት «ወይኔ!» እያሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ልሳኑ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አውቅሃለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ተሳስቼ ነበር ስትል ጆሮዬ ሰምቶ አያውቅም። ይሄ እምነት አይደለም ያለ ሰው ይምጣና ይከራከረኝ! በል ውሃ አምጣልኝ፤ ከዚያችው ከጀሪካኑ።»

ውሃውን በጽዋ አመጣሁ። ጭቃውን በጣታቸው አሹ። ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና ያበጠውን ዙሪያውን ቀቡት፤ አንዲት የጭድ ሰበዝ ቆዳቸው ላይ ቀረች።

«ነገ ከመቅደዳቸው በፊት ያጥቡታል እኮ» አልኳቸው።

«ይጠቡት። ሥራቸው ነው። በስንት ሰዓት ትወስደኛለህ?»

«ከሌሊቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መድረስ አለብን። አሥራ አንድ ላይ እመጣለሁ።»

«እንዳታረፍድ። ካረፈድህ ሐሳቤን እቀይራለሁ።»

አላረፈድኩም፤ እንዲያውም ሩብ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። እትዬ የዓለምዘርፍ ግን ቀድመውኛል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሆስፒታሉን ወረቀት ታቅፈው፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ወንበር ላይ፣ የዓብዩን ጥርስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መኪናውን ሲያዩ ማንም ሳይደግፋቸው ብድግ አሉ።